የራውተር ሶፍትዌራችንን ማን ይምራው? ደንብ እንጻፍ ወይስ ኮድ እንጻፍ?

ከማራኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በየሻይ ቤቱ ከምናነሳው እዚሁ እንጨርሰው። ለአዲሶች ነገሩ ይሄ ነው። እዚህ ጎንደር፣ በኦፕን-ደብሊውአርቲ (ለራውተር የተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው) ላይ ተመሥርተን የሠራነው ሶፍትዌር አለ፤ መስመር ሲቋረጥ ራውተሩ ላይ የተቀመጠውን የትምህርት ፋይል ለዶርሙ ያድላል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ስንጀምር አራት ነበርን፣ አሁን ከባሕር ዳርና ከመቀሌም ኮድ የሚልኩልን አሉ። ግን የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውም የሰርቨሩን ፓስዎርድ የያዘውም መስራቹ ብቻ ነው። ባለፈው ለለቅሶ ደባርቅ ሄዶ ሁለት ሳምንት ስልኩ እንቢ ሲል፣ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ይዘን ቁጭ ብለን ጠበቅነው። እኔ የተጻፈ ደንብ ይኑረን ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከአዘዞ፦ አልስማማም። ለዚች ለሰባት ሰው ሊቀመንበር፣ ቃለ ጉባኤ፣ ምርጫ ካልን ሥራው ይቀራል። ማኅተም አስቀርጾ፣ ደንብ አጽድቆ፣ አንድ ሥራ ሳይሠራ የተበተነ ስንት ማኅበር አይቻለሁ። ክፍት የሆነውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና፣ ሊኑክስን እዩት። ከ1991 ጀምሮ የመጨረሻው ቃል የመስራቹ የሊነስ ቶርቫልድስ ነው (ዓመቱ እንደ ፈረንጅ ነው)። ኮዱን የሚያውቀው ይወስን፣ በቃ።

ከፒያሳ፦ ወንድሜ፣ ሊኑክስማ የሚመሰክረው ለኛ ነው። ቶርቫልድስ ብቻውን አይደለም፤ ኔትወርኩን ጨምሮ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሜንቴነር፣ ማለት ኮዱን የሚጠብቅ ኃላፊ፣ አለው። በ2018 ለጥቂት ሳምንት ገለል ሲል ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ተክቶት 4.19 እትም ወጣ። የኛ ሰው ደባርቅ ሲሄድ ምን ወጣ?

ደግሞ የምንቆምበትን መሠረት ታሪክ እንወቅ። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ራሱ በ2016 ለሁለት ተሰንጥቋል። ዋና ዋና ሠራተኞቹ ውሳኔው በግልጽ አይሰጥም፣ ሰርቨሩ አስተማማኝ አይደለም፣ አዲስ ሰው የሚገባበት መንገድ የለም ብለው ወጡና ኤልኢዲኢ የሚባል ፕሮጀክት መሠረቱ። ያው ኮድ ሁለት ቦታ ሲጻፍ ከረመ። በ2018 መጀመሪያ ሲታረቁ ስሙ የድሮው ሆነ፣ ደንቡ ግን የተገነጠሉት የጻፉት ነው። አጭር ደንብ ነው፤ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል፣ በይፋም ይወጣል፣ ፕሮጀክቱ ራሱ የሚያስተዳድረው ሰርቨር ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ይሁን ይላል። ይሄን ለመጻፍ ማኅተም አያስፈልግም።

ከአራዳ፦ ልጆቼ፣ ኮዱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ኬብል ዘርጊ ነኝ። ግን ስለ ቁልፍ አንድ ነገር ልበል። ድሮ የእድራችን ገንዘብ ሣጥን ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ። ዳኛውን ስለጠረጠርነው አልነበረም። እሱ ሲታመም ሐሜት እንዳይነሳበት ነው። ደንቡ የጠበቀው ሰውየውን ነው።

መስራቹ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። ስለ ደባርቁም ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ፍርሃቴን ስሙኝ። በ2024 ፋይል በሚያጨምቀው ክፍት ሶፍትዌር፣ በኤክስዜድ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ? አንድ የደከመው ሜንቴነር ነበር። ረዳት መስሎ የመጣ ሰው ለሁለት ዓመት ገደማ ሥራ ሲያግዝ ቆይቶ ሥልጣን ከተሰጠው በኋላ የኋላ በር (ሰርጎ መግቢያ ስውር ኮድ) ከተተበት። ሌሎችም «ለምን ዘገየህ፣ ለሌላ አሳልፈህ ስጥ» እያሉ ይጨቀጭቁት ነበር። ፊቱን አይቼው ለማላውቅ ሰው ቁልፍ መስጠት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከማራኪ፦ ፍርሃትህ ልክ ነው። ግን ያ ሜንቴነር የተጠቃው ብቻውን ስለደከመ ነው፣ አንተም ደክመሃል። ስለዚህ ቁልፉን በሁለት እንክፈለው። የወደቀ ሰርቨር ለማስነሳት ከሦስቱ ባለቁልፎች አንዱ ይበቃል። አዲስ እትም ለመልቀቅ ግን ሁለት ሰው ይፈርም፤ አንተም ብትሆን ብቻህን አትለቅም። ሦስቱም በአካል የምንተዋወቅ እንሁን። ሌላው፣ ገንዘብ ልስጥ ያለ ድርጅት መጥቷል አይደል? ፓይተን የሚባለው የኮድ ቋንቋ መስራቹ ጊዶ ቫን ሮሰም በ2018 መሪነቱን ሲለቅ አምስት ሰው ያለው ምክር ቤት አቋቁሞ፣ ከአንድ ቀጣሪ ከሁለት በላይ አይገቡም ብሏል። ለኛ ሦስት ሰው ከአንድ ድርጅት አንድ ይበቃል።

ከአዘዞ፦ በቁልፉ ተስማማሁ። ሁለት ፊርማው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን እንደወረደ እንዳትገለብጡ። የኦፕን-ደብሊውአርቲ ደንብ ሦስት ወር ተከታታይ የጠፋ ሰው ኮድ የማስገባትም ድምፅ የመስጠትም መብቱን ያጣል ይላል። እኛ አገር ከ2015 ክረምት ወዲህ (ይሄ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው) ሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ የት ነበርን? በዚያ ደንብ ቢሆን ጎንደር ያለነው ሁሉ ተሰናብተን ባለቤቱ ሌላ አገር ያለ ሰው በሆነ ነበር። መስመር የጠፋበት ጊዜ አይቆጠር።

ከፒያሳ፦ ይሄ ይግባ። እኔም አላሰብኩትም ነበር። ከመሰናበቱ በፊትም በስልክ ይደወልለት፣ ወይም ሰው ይላክበት።

መስራቹ፦ እሺ። ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ማራኪ ሰፈር እመጣለሁ። ሁለቱን ባለቁልፎች ምረጡና ጠብቁኝ። ከአንድ ገጽ የበለጠ ደንብ ግን አልፈርምም።