ቃላቱን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፣ ሲጣመሩ ግን ይጠፉኛል

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ ብዙም አይከብደኝም፤ ሰው ሲያወራ ግን እነዚያ ከትንንሽ ቃላት ጋር የሚጣመሩ ግሶች (ፍሬዛል ቨርብ የሚባሉት) ጉድ ይሠሩኛል። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ፤ «ጊቭ አፕ» ሲሆን ግን መተው፣ ተስፋ መቁረጥ! «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው ብዬ ስይዝ «ፑት አፕ ዊዝ» መጣና መታገስ ሆነ። «ቴክ ኦፍ» ደግሞ ለጫማ ማውለቅ፣ ለአውሮፕላን መነሳት። እርግጥ በእኛም «ቁጭ አለ» ውስጥ ማንም ምንም አላለም፤ ለባዕድ ተማሪ እሱም ሳይከብደው አይቀርም።

50 ያህሉን በዝርዝር ሸመደድኩ። በሳምንቱ «ሉክ ፎር» (መፈለግ) እና «ሉክ አፍተር» (መንከባከብ) ተደበላለቁብኝና ልጅ እየተንከባከብኩ ነው ለማለት ልጅ እየፈለግኩ ነው ብዬ አረፍኩት።

የባሰብኝ ግን አቀማመጡ ነው። «አንሳው» ለማለት «ፒክ ኢት አፕ» ልክ ነው፣ «ፒክ አፕ ኢት» ስህተት። «ሉክ አፍተር ኢት» ላይ ደግሞ ተውላጠ ስሙ («ኢት») መሀል አይገባም። መሀሉ ተከፍሎ ተውላጠ ስም የሚያስገባውን ግስ ከማያስገባው የምትለዩበት ዘዴ አላችሁ? ደግሞስ በግሱ፣ ማለትም በ«ቴክ» እና በ«ፑት» እየሰበሰብኩ ልያዝ ወይስ በተከታዩ «አፕ» እና «ኦፍ»? ወይስ ዝርዝሩን ትቼ በዓረፍተ ነገር ብቻ? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።