እንግሊዝ የራሷን መርከበኞች ከቻርለስተን እስር ቤት ማስፈታት ለምን አቃታት?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኝ ነው። በ1822 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት የሆነችው ሳውዝ ካሮላይና አንድ ሕግ አወጣች። ነፃ የሆነ ጥቁር መርከበኛ ወደቧ ቻርለስተን ሲደርስ ሸሪፉ ከመርከቡ አውርዶ ያስረዋል፤ የሚወጣው መርከቧ ልትሄድ ስትል ነው። የእስሩን ወጪ የሚከፍለው ካፒቴኑ ነው። ካልከፈለ ሰውየው ለባርነት ይሸጣል። ክስ የለ፣ ወንጀል የለ! ከታሰሩት መካከል ደግሞ የእንግሊዝ ዜጎች ነበሩ። ያን ሁሉ የጦር መርከብ ይዛ ዝም ብላ አየች?

የድሮ ወሬ፦
ዝም አላለችም። መጀመሪያ ግን ሕጉ ከየት መጣ? ዴንማርክ ቬሲ የሚባል፣ ሎተሪ ደርሶት ነፃነቱን የገዛ የቻርለስተን ጥቁር አናጢ፣ የባሪያዎች አመፅ ጠንስሷል ተብሎ በሐምሌ 1822 ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ነጮቹ ከካሪቢያን የሚመጣን ጥቁር መርከበኛ ሁሉ የአመፅ ወሬ ተሸክሞ እንደመጣ ያዩት ጀመር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ስትራትፎርድ ካኒንግ በ1823 ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለጆን ኩዊንሲ አዳምስ አቤት አለ። በ1815 የንግድ ውል አለን፣ ይሄ ያፈርሰዋል ነው ነገሩ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ኤልኪሰን የተባለ የጃማይካ ተወላጅ ታሰረና ጉዳዩ ዳኛ ዊልያም ጆንሰን ዘንድ ቀረበ። ዳኛው ሕጉ ሕገ መንግሥቱንም ውሉንም ይጥሳል አሉ፤ ግን በግዛቲቱ እጅ ያለን እስረኛ የማስፈታት ሥልጣን የለኝም ብለው ቁጭ! ልጁ ተፈረደለት፣ ግን አልተፈታም። በ1824 የአገሪቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዊርትም ሕጉ ልክ አይደለም አለ። የሳውዝ ካሮላይና ሴኔት መልስ ምን መሰለህ? አመፅን መከላከል ከሕግም ከውልም ከሕገ መንግሥትም በላይ ነው።

ሸማኔው፦
ጥጥ ነዋ! የማንቸስተር ፋብሪካ የሚሠራው በደቡቡ ጥጥ ነው። ለአንድ ምስኪን መርከበኛ ብሎ ማን ይጣላል?

የድሮ ወሬ፦
ጥጡ አለበት፣ አልክድም። ግን ዋሽንግተንም ራሷ ደቡቦቹን ትፈራ ነበር። በ1831 ሌላ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ፣ የጆርጂያው ቤሪየን፣ ሕጉ ትክክል ነው ብሎ የዊርትን ሐሳብ ገለበጠው። የአሜሪካ ዜጎችም ቢሆኑ አልዳኑም። ማሳቹሴትስ በ1844 የራሷን ጥቁር መርከበኞች ጉዳይ እንዲከታተል ሳሙኤል ሆር የሚባል ጠበቃ ብትልክ ከነልጁ ከቻርለስተን አባረሩት።

ማርታ፦
ተሸጠ የተባለ ሰው ካላችሁ ጆን ግላስጎው አለ። የደመራራ (ደቡብ አሜሪካ የነበረች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት) ተወላጅ፣ ነፃ ሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ እንግሊዝ። መርከቡ ጆርጂያ፣ ሳቫና ወደብ ገባ፤ እዚያም ተመሳሳይ ሕግ ነበርና እሱ ታሰረ። ጭነቱ ሲጓተት የእስሩ ሂሳብ እየቆለለ ሄደ፣ ካፒቴኑ አልከፍልም ብሎ ትቶት ነጎደ። በ350 ዶላር ሸጡት። ታሪኩን ያወጣው አብሮት ባሪያ የነበረውና በኋላ አምልጦ እንግሊዝ የገባው ጆን ብራውን ነው። አቤቱታው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰውየው ጥጥ እየለቀመ ነበር እኮ።

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ ጉድ ነው! ታዲያ መጨረሻው እንዴት ሆነ?

የድሮ ወሬ፦
የእንግሊዝ ቆንስሎች ዋሽንግተንን ትተው በቀጥታ ወደ ግዛቶቹ ዞሩ። የቻርለስተኑ ቆንስል ጆርጅ ማቲው በ1850 ለሳውዝ ካሮላይና ገዥ ራሱ ጻፈ። ሰዎቹ ተቆጡ፣ የውጭ አገር ቆንስል እኛን የሚያናግር ማን ነው ብለው። በ1852 ማኑኤል ፔሬይራ የሚባል መርከበኛ፣ መርከቡ በማዕበል ተጎድታ ሳትወድ ቻርለስተን ብትገባም፣ ታሰረ። ማቲው ፍርድ ቤት ሄደ፣ አልሰሙትም። በሱ ቦታ የመጣው ሮበርት በንች ጩኸቱን ትቶ ምክር ቤቱን ቀስ እያለ አግባባ፤ በ1856 ሕጉ ተሻሻለ። ካፒቴኑ ዋስትና ካስያዘ መርከበኛው እስር ቤት ሳይገባ መርከቡ ላይ ይቀመጣል።

ሸማኔው፦
መሬት መርገጥስ?

የድሮ ወሬ፦
እሱ የለም።