ከሰርቪስ ቤት እስከ ስዊቹ ያለው የ10 ጊጋ መስመር ከሰዓት በኋላ ይቆራረጣል

ሳጥን ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰርቨሩ ሰርቪስ ቤት፣ ስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኘው ሳጥን) ዋናው ቤት ነው። በሁለቱም በኩል ኤስኤፍፒ ፕላስ ፖርት (ተነቃይ ሞጁል የሚሰካበት ማስገቢያ) ላይ አርጄ45 (የተለመደውን የኔትወርክ ኬብል ጫፍ) የሚቀበል የመዳብ ሞጁል ተሰክቷል፤ መሃሉን 28 ሜትር ካት5ኢ (ካት የኬብል ደረጃ ነው) ኬብል በቧንቧ ያገናኘዋል። ጠዋት አይፐርፍ3 (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) በሰከንድ 9.4 ጊጋቢት ያሳያል። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ግን ሊንኩ (ግንኙነቱ) በየሰዓቱ አራት አምስት ጊዜ ይወድቅና ራሱ ይነሳል። ሎጉ «ሊንክ ዳውን»፣ «ሊንክ አፕ» ከማለት በቀር ምንም የለውም። ድራይቨር አድሻለሁ፣ የስዊቹን ፖርትም ቀይሬያለሁ። የሰርቨሩን የኔትወርክ ካርድ ልቀይር?

ቀጭኑ ሽቦ፦
ካርዱን ገና አትንካው። ሰዓቱ ራሱ እየነገረህ ነው፤ ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው አይደል? የመዳብ ሞጁል ከ2 እስከ 3 ዋት ይበላል፣ ፖርቱ ደግሞ ሲሠራ የታሰበው ለ1 እና ለ1.5 ዋት ሞጁል ነው። በዚያ ላይ የሰርቨር ካርዶች ኃይለኛ የፋን ንፋስ እንደሚያገኙ ታስበው ነው የሚሠሩት፤ ተራ ኬዝ ውስጥ ያ ንፋስ የለም። አብዛኛው ሞጁል የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ኢትቱልን (የሊኑክስ የኔትወርክ ካርድ መመርመሪያ ትዕዛዝ) በ«ኤም» (-m) አማራጭ ብትጠይቀው ሙቀቱን ያወጣልሃል። ዜሮ ካለ ወይም ዝም ካለ (ርካሾቹ እንዲህ ናቸው) ትንሽ ፋን ካርዱ ላይ አዙርና መውደቁ ይቀንስ እንደሆነ እይ።

ፖርት 24፦
ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ኬብሉን ግን ነፃ አታውጣው። የ10 ጊጋ ደረጃ ካት5ኢን አያውቀውም፤ ካት6 እስከ 55 ሜትር፣ ካት6ኤ እስከ 100 ሜትር ነው። እነዚህ ሞጁሎች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው 30 ሜትር ነው፣ ያውም በካት6ኤ። አንተ ጠርዙ ላይ ነህ።

ሁለቱን ለመለየት፦ ሰርቨሩን ባለበት ትተህ ስዊቹን ወደ እሱ አምጣና በ2 ሜትር ካት6ኤ አገናኛቸው፤ አይፐርፍ3ን በሁለቱም አቅጣጫ ለሁለት ሰዓት አስኪደው። ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አድርገው፤ ማታ የተደረገ ሙከራ ምንም አይነግርህም። ከዚያ ረጅሙን ኬብል መልሰህ ጠዋት በብርዱ የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) ቆጣሪውን ተመልከት። ሊንኩ ሳይወድቅ ቁጥሩ ከጨመረ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ነው። የኬብሉን ሽቦም ጫፉን በቢላ ፋቅ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ጣለው። የመብራት ገመድ በዚያው ቧንቧ ያልፋል?

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዳንድ ሞጁል በመዳቡ በኩል ወደ 2.5 ጊጋ ወርዶ ለካርዱ «10 ጊጋ ነኝ» ይላል። አይፐርፍ3 ላይ የድጋሚ መላኪያው ቁጥር ከበዛ ይህንን ጠርጥር።

ሳጥን ቤት፦
ሠራሁት። ሞጁሉ ጠዋት 61፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 84 ዲግሪ፤ በ2 ሜትሩም ኬብል ሁለት ጊዜ ወድቋል። በረጅሙ ደግሞ ጠዋትም ሲአርሲ በደቂቃ 40 ገደማ ይጨምራል። አዎ፣ መብራቱም በዚያው ቧንቧ ነው።

ብርሃን መስመር፦
እንግዲያው ጥፋቱ ሁለት ነው፤ ፋን አንዱን ብቻ ነው የሚያስታግሰው። መዳቡን ተወውና ፋይበር አስገባ፦ 35 ሜትር ኦኤም3 (የፋይበር ዓይነት)፣ ባለ ሁለት ክር፣ ጫፉ ኤልሲ (ትንሽ የፋይበር መሰኪያ)፣ ከሁለት የኤስአር (የአጭር ርቀት) ሞጁል ጋር። እያንዳንዱ ከ1 ዋት አይበልጥም፣ የመብራት ገመዱም አይረብሸውም። ካርዱ የማያውቀውን ሞጁል እምቢ ሊል ስለሚችል አንዱን ለካርዱ፣ ሌላውን ለስዊቹ እንዲስማማ ኮድ የተደረገ እዘዝ። ኤስአርን ከኤልአር (ከረጅም ርቀቱ) አታጋባ፤ የብርሃናቸው ሞገድ አንዱ 850፣ ሌላው 1310 ናኖሜትር ነው።

ስትጎትት ገመዱን በጫፉ አትያዘው፣ ሲባጎውን ከልባሱ ጋር እሰረው፤ ማዕዘን ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ሬዲየስ አታጥፈው። ከሰካህ በኋላ ኢትቱል የሚያሳየው ተቀባይ ብርሃን ከ−9.9 ዲቢኤም (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) በላይ መሆን አለበት። −30 እና ከዚያ በታች ካየህ ሁለቱ ክሮች ተገላብጠዋል፤ በአንዱ ጫፍ ብቻ አቀያይራቸው። የአቧራ ክዳኑንም እስክትሰካ ድረስ አትንቀለው።