ጥቆማ፦ ከሞተር ቱታ ስር የሚለበስ የሚሞቅ ጃኬት (ሲያትልና አካባቢው)

ባለ ኬኤልአሩ፦
ሰላም ለቤቱ። በየቀኑ ከሬንተን ኤቨረት፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በ405 መንገድ እነዳለሁ። ሞተሩ የ2012 ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ነው። ከወጥ ቱታ ስር የሚለበስ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጃኬት እፈልጋለሁ፤ ጓንትም ቢጨመር። የቱን ብራንድ ትላላችሁ? አስለክቶ የሚሸጥ፣ ገመዱንም የሚገጥም ሰው አለ? በጀት እስከ 350 ዶላር።

ጋሻው ኬንት፦
ገርቢንግ። ሌላ አትጠይቅ። እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት የተጀመረ ነው።

ሽቦ አዋቂ፦
የት እንደተጀመረ ሰውነት አያሞቅም። መጀመሪያ የዲናሞህን ዋት ቁጠር። ኬኤልአርህ የሚያመነጨው በ14 ቮልት 17 አምፔር፣ ማለትም 238 ዋት ነው፤ ያውም ሞተሩ በደንብ ሲዞር። የፊት መብራቱ፣ ማቀጣጠያውና ሌላው ሁሉ የየድርሻውን ሲወስድ 100 ዋት ገደማ ቢተርፍህ ነው። የገርቢንግ ጃኬት ወረቀቱ ላይ 77 ዋት ነው፣ ጓንቱ 27። ግን ይህ በ12 ቮልት የተለካ ነው። ስትነዳ ቮልቱ ወደ 14 ይወጣል፤ ያኔ ጃኬቱ 7.5 አምፔር፣ ጓንቱ 2.6 አምፔር ይስባል። ሁለቱ አብረው 140 ዋት አለፉ ማለት ነው። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ከፍተህ ቤልቪው ላይ መኪና ከተጨናነቀብህ ባትሪህ ነው የሚከፍለው። ትንሽ ቮልት ማሳያ መሪው ላይ ግጠም፤ እየነዳህ ከ13 በታች ከወረደ ሙቀቱን ቀንስ።

የሊንዉዱ፦
ከሱቅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ በ7.4 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ጃኬት ሸጠልኝና «ከሞተሩም ጋር ይሠራል» ብሎ አስማሚ ገመድ ጨመረልኝ። በ20 ደቂቃ ውስጥ የጀርባው በኩል ጠቆረ፣ የቱታው ገበር ቀለጠ። ልመልስ ብል «ተለብሷል፣ አይመለስም»። 190 ዶላር ውሃ በላው።

ጋሻው ኬንት፦
ወረቀቱን ሳታነብ ሰክተህ ይሆናላ።

የሊንዉዱ፦
ገመዱን የሰጠኝ ሻጩ ነው እኮ! ምን ላንብብ?

ሽቦ አዋቂ፦
ጥፋቱ የሻጩ ነው። ለ7.4 ቮልት የተሠራ ሽቦ 14 ሲገባበት ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ስፒናው ስለገጠመ ልብሱ ይሠራል ማለት አይደለም።

ደንበኛ ንጉሥ፦
ሱቁ የቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስም አናጥፋ። ለእኔ ሁልጊዜ ቅናሽ ያደርጉልኛል፣ ቡናም ይጋብዛሉ።

የሊንዉዱ፦
ቡናውን ጀርባዬ ላይ ቢያፈሱት ያው ነበር።

ጋሼ ደብረ ብርሃን፦
ልጆች፣ ለዚህች ብርድ ይህ ሁሉ ሽቦ? ጋቢ ደርቡ።

ሰላም ታኮማ፦
ጋሼ፣ ጋቢው መልካም ነበር፤ ግን ሰንሰለት ውስጥ ከገባ እርስዎንም ይዞ ነው የሚሄደው። ደግሞ 5 ዲግሪ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዱ ንፋሱ ከዜሮ በታች 3 ያደርገዋል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ባለ ኬኤልአሩ፣ ከብራንዱ ይልቅ አለባበሱ ይወስናል። ከታች ቀጭን፣ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል ሙሉ እጅጌ ሹራብ፤ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል። በላዩ የሚሞቀው ጃኬት፣ ጠበቅ ብሎ። ከዚያ ስስ ፍሊስ፣ ከዚያ ቱታው። ብዙ ሰው ወፍራሙን ሹራብ ከታች ያደርግና «አይሞቅም» ይላል፤ ሙቀቱን የዘጋው እኮ ሹራቡ ነው። ባዶ ገላ ላይም አይለበስም፣ ቀስ ብሎ ያቃጥላል። ስኳር ያለባችሁ፣ እጃችሁ ወይም እግራችሁ የሚደነዝዝ፣ ቃጠሎው ሳይሰማችሁ ቆዳ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ጠይቁ። የአየር ከረጢት ያለው ሰደርያ የምትለብሱ ከሆነ ደግሞ ሲነፋ የሚሰፋበት ቦታ ይኑረው፤ ፍሊሱን ተዉት።

ባለ ቢኤምደብልዩው፦
እኔ የምመክረው የሚሞቅ የመሪ መያዣ ነው። ጓንት ምን ያደርጋል? የእኔ ቢኤምደብልዩ ጂኤስ 1250 ላይ ከፋብሪካው ይመጣል።

ሽቦ አዋቂ፦
የጠየቀው ጃኬት ነው፣ ወንድሜ። የአንተ 1250 ከ500 ዋት በላይ ያመነጫል፣ የእሱ ግማሹን አያህልም። ደግሞ መያዣው መዳፍን ነው የሚያሞቅ፤ ንፋሱ የሚመታው የእጅ ጀርባና ጣት ነው።

አዲስ ሞተረኛ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ። በቦክሰር 150 ሞተር እቃ አደርሳለሁ፤ የሚሞቅ ጓንት ብትልኩልኝስ?

ሰላም ታኮማ፦
ወንድሜ፣ በትንሽ ሞተር ዲናሞው አይችልም። መሪው ላይ የሚታሰር የእጅ ከለላ አሠራ፤ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ሸራ፣ ውስጡ ብርድ ልብስ። ግን ፍሬንና ክላቹን እንዳይዝ አስሞክረው፤ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጨርቁ ማንሻውን የሚጎትት ከሆነ አደጋ ነው።

ዱሉት ወዳጅ፦
የኤሮስቲች ካኔትሱ ኤርቫንቴጅ የሚሞቅ ሰደርያ አየር ተነፍቶ ሰውነት ላይ ይለጠፋል፤ እሱን የሚያህል የለም። ከሚኒሶታ ታዘዋለህ፣ አለቀ።

ጋሻው ኬንት፦
ገርቢንግ ነው ብያለሁ።

ሽቦ አዋቂ፦
ያገለገለ ብትገዛ ከ350 ሳታልፍ ጓንቱም ይደርሳል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዘህ ሂድ፤ ኦም ላይ አድርገህ የስፒናውን መሃልና ውጪ ንካ። 77 ዋቱ ጃኬት 2 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ውስጡ ተቆርጧል፣ ቁጥሩ ከዘለለ ሊቆረጥ ነው። ጓንት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው አንጓው ላይ ነው፤ እያጠፍክ ለካው።

ለመግጠም ሰው አያስፈልግህም። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 15 አምፔር ፊውዝ፤ 10 ይቃጠልብሃል። ከፊውዙ ወደ ሪሌው (በሌላ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚበራ ማብሪያ) 30 ቁጥር እግር፣ ከ87 ወደ ጃኬቱ ስፒና፣ 86ን ከኋላ መብራት ሽቦ ጋር፣ 85ን ወደ ኔጋቲቭ፤ የጃኬቱ ሌላ ሽቦም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ። ሞተሩን በቁልፉ ስታጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሽቦው ከ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አይቅጠን። የሙቀት መቆጣጠሪያው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ የሚልክ ይሁን፤ የዋርም ኤንድ ሴፍ ሂት ትሮለር ጃኬቱንና ጓንቱን ለየብቻ የሚያስተካክል ዓይነት አለው። በኬኤልአር ላይ 5 ደቂቃ በሙሉ ሙቀት፣ ከዚያ በግማሽ።

ደንበኛ ንጉሥ፦
የፊት መብራቱን አምፖል በኤልኢዲ ቢቀይርስ? ከ55 ዋቱ ከ30 በላይ ይተርፈዋል። የምገዛበት ሱቅ በቅናሽ ይሸጣል።

ሽቦ አዋቂ፦
ዋቱ ልክ ነህ። ግን ለሐሎጅን የተሠራ መስታወት ውስጥ ኤልኢዲ ስትከት ብርሃኑ ይበታተናል፣ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፣ ለመንገድም አልተፈቀደም።

የሊንዉዱ፦
ስለ 190 ዶላሬ ማን ያወራ?

ሰላም ታኮማ፦
በካርድ ከከፈልክ ባንክህን አናግር፤ «ከሞተሩም ጋር ይሠራል» ተብሎ የተሸጠ እቃ እንደተባለው አልሆነም በል። የአስማሚውን ፎቶና ደረሰኙን ያዝ።

ባለ ኬኤልአሩ፦
ሁሉንም አነበብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር፦ ስፒናው በቀኝ ይውጣ በግራ?

ሰላም ታኮማ፦
በግራ፣ ከመቀመጫው ጠርዝ፣ አፉ ወደ ታች ዝናብ እንዳይገባው። የምትወርደው በግራ ስለሆነ ረስተህ ብትነሳም ሳይጎትትህ ይነቀላል።

ጋሻው ኬንት፦
ገርቢንግ ገዛህ ወይስ አልገዛህም?