ጌም ቤቶቹ ልጅነታችንን ሰጡን ወይስ ወሰዱብን?

የኮልፌው፦
አዲስ አበባ ውስጥ በየጊዜው ትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ፣ «የመማር ማስተማሩን ሥራ ያውካሉ» የተባሉ ቤቶች ይታሸጋሉ። ሺሻ ቤት፣ ጫት ቤት፣ መጠጥ ቤት። ከነሱ ጋር ፕሌይስቴሽን ቤትም፣ ማለትም ጌም ቤቱም ይታሸጋል። እኔ ይሄ የመጨረሻው እዚያ መስመር ውስጥ መግባቱ አይዋጥልኝም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ቤቱን ያውቀዋል። የቆርቆሮ በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከሥራቸው ፒኤስ ቱ (ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን)። እኛ ሰፈር አንድ ጨዋታ አንድ ብር ነበር። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ኪስህ ውስጥ ያለችው አንድ ብር ብቻ ከሆነች ኳሱን እንደፈለግክ አትለጋም። በ85ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየመራህ ኳሷን ጥግ ይዘህ መቆም ትማራለህ፤ ከኋላህ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየጮኸብህ።

የጃፓኑ የእግር ኳስ ጌም፣ ዊኒንግ ኢለቨን ትዝ ይላችኋል? ሜኑው በሙሉ በጃፓንኛ ነው። አንድ ፊደል የሚያነብ ልጅ የለም። ግን የትኛው መስመር ፎርሜሽን፣ የትኛው ቅያሪ እንደሆነ ሁሉም በቃሉ ያውቃል። አዲስ ልጅ ሲመጣ ከጎኑ ያለው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ያሳየዋል። ኮሜንታተሩ በጃፓንኛ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይጮሃል።

ከዚያ ፔስ 6 የሚባለው የኳስ ጌም መጣ፤ እንደ ፈረንጆቹ 2006። የኢንተር ሚላኑ አጥቂ አድሪያኖ የምቱ ኃይል 99 ነበር። ከሩቅ በግራ እግሩ ከመታ በረኛው ቆሞ ማየት ነው። ስለዚህ በየቤቱ ሕግ ወጣ፦ ኢንተርን ከያዝክ አድሪያኖን አታሰልፍ። ሕጉን ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ያፈረሰ ጆይስቲክ ይነጠቃል። አንድም አዋቂ አልገባበትም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይዘጉ ወይስ ሥርዓት ይበጅላቸው? ትዝታችሁንም ይዛችሁ ኑ።

መምህር፦
ወንድሜ፣ ትዝታህ ደስ ይላል። እኔ ግን ያንን ቤት የማውቀው ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ ሆኜ ነው። 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ጠዋት ሙሉ የነበረው የኋላ ወንበር ከምሳ በኋላ ባዶ ይሆናል። የት እንዳሉ ማንም አይጠይቅም፤ ይታወቃል። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ይከቱታል። የታክሲ ብር፣ የዳቦ ብር፣ ሲብስም ለደብተር መግዣ የተሰጠ ብር እዚያ ይቀራል።

አንድ ልጅ ከልቤ አይወጣም። እጁን ሳያወጣ መልሱን የሚያውቅ ዓይነት ነበር። እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው የምታስተምረው። ሚኒስትሪ ወደቀ። በዓመቱ ተመልሶ አልመጣም። ለእናንተ ጣፋጭ ትዝታ የሆነው ቤት ለእሱ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ መጥቶ አይጽፍም።

ቻይና እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኦንላይን ጌም የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በሕዝብ በዓላት ቀን፣ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወስናለች። ከቴንሰንት ጀምሮ ትልልቆቹ የጌም ኩባንያዎች ያሉባት አገር ናት። እነሱ እንዲህ ከጨነቃቸው እኛ ለምን እንዝናናለን?

የሳሪስ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ግን ከፕሌይስቴሽን በፊትም ልጅ ይፎርፍ ነበር። ጆተኒ ነበር፣ ከረምቡላ ነበር፣ ቪዲዮ ቤት ነበር። እኛ ክፍል ሰማንያ ልጅ ነበርን። ሦስት ለአንድ ዴስክ። አስተማሪው ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ይሞላል፣ እኛ እንገለብጣለን። ልጁ ከምን እንደሚሸሽም ይታይ እንጂ።

ደግሞ ሁላችሁም ከፒኤስ ጀመራችሁ። ቲቪ ጌምስ? ያ ካሴት የሚሰካበት፣ የቻይና ኮፒ የሆነው? ማሪዮና ኮንትራ የተማርነው በሱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የዚያ ቤት ልጅ ንጉሥ ነው። ኮንትራ በሦስት ነፍስ አያልቅም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ኮዱን ይዞ መጣ፦ ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ስታርት። 30 ነፍስ! ክረምቱን በሙሉ እሱን ስንጫወት ከረምን።

በኋላ ነው ታሪኩን ያወቅኩት። ካዙሂሳ ሐሺሞቶ የሚባል፣ የጃፓኑ ጌም ኩባንያ የኮናሚ ፕሮግራመር፣ ግራዲየስ የሚባለውን ጌም ለፋሚኮም (የኛ ቲቪ ጌምስ ለተኮረጀበት የኒንቴንዶ ማሽን) ሲያዘጋጅ ከበደው። ለራሱ መፈተሻ እንዲቀለው ያንን ኮድ አስገባ። ጌሙ እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ሲወጣ ኮዱ ውስጡ ቀረ፤ ኩባንያው በኋላ ሌሎች ጌሞቹ ውስጥም አስገባው። እኛ ሰፈር ኢንተርኔት የለም፣ መጽሔት የለም። ልጅ ለልጅ እየነገረ ሳሪስ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ብቻህን ስልክ ላይ ተደፍተህ አታገኘውም።

የሐዋሳዋ፦
«እኛ» «እኛ» ስትሉ አነበብኩ። እኛ የምትሉት እነማንን ነው?

እኔ ጌም ቤት በር ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። «ወንድምሽን ጥሪው፣ ምሳ ቀርቧል» ተብዬ እላካለሁ። በሩ ላይ መጋረጃ አለ። ገለጥ አድርጌ እጠራለሁ፤ ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ አንዱ የሆነ ነገር ይወረውራል፣ ሁሉም ይስቃል። አንድም ቀን ገብቼ ተቀምጬ አላውቅም። ሴት ልጅ እዚያ ብትገባ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

መጫወት ግን እችል ነበር። የአክስቴ ልጅ ቤት ፒኤስ ዋን ነበራቸው። ሌንሱ ስለደከመ ሲዲ አላነብ ሲል ማሽኑን ገልብጠን ነበር የምናጫውተው። ክራሽ ባንዲኩትን እኔ እጨርሳለሁ፣ እሱ ግማሽ ላይ ይሞታል። ሰፈር ወጥቶ ግን «ጨረስኩት» የሚለው እሱ ነው፤ ለእኔ የምናገርበት ቦታ አልነበረኝም።

ስለዚህ ይዘጉ አልልም። እንደ ድሮው ይቀጥሉ ለሚል ግን ድምፄን አልሰጥም። መጋረጃው ይነሳና በር ይከፈት፣ ከውጭ ሲያዩት ውስጡ ይታይ። ያኔ እኔም ልጄን እልካለሁ።

የኮልፌው፦
ልክ ነሽ እህቴ። እኛ ቤት ሴት ልጅ ጆይስቲክ ይዛ አይቼ አላውቅም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

የባሕር ዳሩ፦
እኔ ቤቱን የከፈትኩት ሰው ነኝ። እስኪ ከወንበሩ ወዲያ ያለውን ልንገራችሁ።

ሁለት ያገለገሉ ፒኤስ ቱ ገዛሁ፣ ኮፒ ሲዲ እንዲያጫውቱ ቺፕ የገባላቸው። ጆይስቲክ ቶሎ ያልቃል። የመጀመሪያው የሚሞተው የሹት ቁልፉ ነው፤ በንዴት ስለሚመታ። ሌንስ ይደክማል፣ ፈትቼ በጥጥና በአልኮል እጠርገዋለሁ። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ግማሽ ሳምንት ዝግ ነበርኩ፤ የቤት ኪራይ ግን ፈረቃ አያውቅም።

የራሴ ሕግ ነበረኝ። በትምህርት ሰዓት ተማሪ አላስገባም። ዩኒፎርሙን ቢያወልቀውም ፊቱን አውቀዋለሁ፣ የሰፈር ልጅ ነው። አስይዞ መጫወትም ከለከልኩ፤ ትልልቆቹ መጥተው መቶ ብር ሲያሲዙ ትንንሾቹ ዓይናቸው ይፈጣል፣ በማግሥቱ እነሱም ይጀምራሉ። አንዱ ልጅ ጨዋታ ሲያልቅ ብሩን ከኪሱ ማውጣት አቅቶት ቆመ። የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። የእናቱ ነበር። ወስጄ መለስኩላት።

መምህር፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። ግን ይሄንንም ይስሙኝ። ከእኔ ማዶ ሌላ ቤት ተከፈተ። እሱ ሰዓት አይጠይቅም፣ ማስያዝም ይፈቅዳል። ልጆቼ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። በሁለት ወር ውስጥ እኔ ሕግ አክብሬ ወንበሬ ባዶ፣ እሱ ቤት ደግሞ መቆሚያ የለም። አቤት ልል የሄድኩበት ቢሮ «ይሄ ሥራ መደብ የለውም» ብሎ መለሰኝ። መደብ ስለሌለው ደንብ የለውም፣ ደንብ ስለሌለው ያለው ምርጫ ማሸግ ብቻ ነው። ሲታሸግ ሁለታችንም ታሸግን። በአንድ ቀን።

የሜሪላንዷ እናት፦
የባሕር ዳሩ ወንድሜ፣ «ፊቱን አውቀዋለሁ» ያልካት ነገር ልቤን ነካችው።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ሄድፎን አድርጎ ፎርትናይት ይጫወታል። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም። ጌሙ ነፃ ነው ይላሉ፤ ግን ለልብስ፣ ለጭፈራው ሳይቀር ቪ ባክስ የሚሉትን የጌሙን ገንዘብ ይገዛል፣ በእኔ ካርድ። አንድ ብር ይዞ ገብቶ አንድ ብሩ ሲያልቅ መውጣት የለም፤ መቼም አያልቅም። ቡና አፍልቼ ስጠራው «ማሚ፣ አሁን ማቆም አልችልም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ኦንላይን ስለሆነ ጨዋታው ለአንድ ሰው ብሎ አይቆምም።

የወንድሜን ልጅነት አስታውሳለሁ። እሱም ጌም ቤት ይውል ነበር፣ እማዬም ትቆጣ ነበር። ግን ቤቱን ታውቀዋለች፣ ባለቤቱን በስሙ ትጠራዋለች፣ ጓደኞቹ ግቢያችን ገብተው ይበላሉ። ጌሙን እየጠላች ልጆቹን ታውቃቸው ነበር።

ነርሷ፦
በአጭሩ፣ ሥራዬ ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ መደብነት እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ተቀብሎ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይባልም። ልጁ ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብም ከትምህርትም ከጓደኛም ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይሄም በአብዛኛው ቢያንስ 12 ወር ሲቆይ ነው። መምህር ያነሱት ልጅ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ገጥሞትም ሊሆን ይችላል። የሚጠይቀው ሰው ያስፈልግ ነበር።

መምህር፦
ጥሩ ብለሻል ልጄ። አልጠየቅነውም፤ ሦስት ጊዜ ሲቀር ወላጅ አምጣ ይባላል፣ ወላጅ ካልመጣ ይሰናበታል። የነበረው አሠራር ይኸው ነው።

ግን የባሕር ዳሩን ወንድሜን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ጭራሽ ጠነከርኩ። ሰዓት የሚያውቅ፣ ብር የሚመልስ ደግ ሰው እንኳ ልጆቹ ማዶ ሲሻገሩ ማስቆም አልቻለም። ታዲያ ደንብ አስከባሪ በየመንደሩ በየቀኑ እየዞረ ሊያስቆም ነው? መዝጋት ጥሩ ስለሆነ አይደለም የምደግፈው። ከምንችለው ውስጥ እሱ ስለሚቀር ነው።

የሳሪስ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሲዘጋ የሚሆነውን እኛ ሰፈር አይተናል። ጌም ቤት የነበረው ክፍል ቤቲንግ ቤት ሆነ። ያው ወንበር፣ ያው ቴሌቪዥን። ድሮ ልጁ ራሱ ነበር ጆይስቲክ ይዞ የሚጫወተው። አሁን ትኬት ጨብጦ ሰምቶት የማያውቀው ክለብ እንዲያሸንፍ ይጸልያል። ከሁለቱ የቱ ነው ያወከን?

ሌላው ደግሞ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የሚባል፣ ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበትን የስልክ ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም ስልክ ላይ አምጥቷል። ጌም ሳይጫወት ያደገ ሰው ጌም አይሠራም። ሁሉንም ከጫት ቤት ጋር ደምረን ስናሽግ ይሄንንም እያሸግን ነው።

የኮልፌው፦
መምህር፣ «ከምንችለው ውስጥ» ያሉትን ይዤ ልመለስ። የምንችለው ሌላም አለ። በየወረዳው ወጣት ማዕከል ተሠርቷል። አንዳንዱ ውስጥ ያለው አንድ የተቀደደ የፑል ጠረጴዛና የተቆለፈ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ አራት ፒኤስ ይግባ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይከፈት፣ መጋረጃ አይኑረው፣ ሴቶች ልጆችም ይግቡ። እንደ ባሕር ዳሩ ወንድማችን ፊት የሚያውቅ ሰው ደሞዝ ተከፍሎት ይቀመጥበት። የግል ቤቶቹም የሥራ መደብ ይውጣላቸው፦ ከትምህርት ቤት ይራቁ፣ በትምህርት ሰዓት ይዘጉ፣ ማስያዝ የተገኘበት ይታሸግ። ያኔ ሰዓት አክባሪው አብሮ አይታሸግም። ይሄን ቢደግፉልኝ ደስ ይለኛል።

መምህር፦
የወጣት ማዕከሉን እደግፋለሁ። በክረምት ይጀመርና እንየው፤ እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ ሄጄ እቀመጣለሁ። የግል ቤቶቹ ላይ ግን አልተስማማሁም፤ በትምህርት ወራት ይዘጉ የሚለው አቋሜ እንዳለ ነው።

የሐዋሳዋ፦
መምህር፣ እርስዎ ከተቀመጡ አንድ ማሽን ለሴቶች ልጆች ያስቀምጡልን። ክራሽ ባንዲኩትም ይኑርበት።