«ሕግ አይገዛቸውም» ስለተባሉት የቱርክ ከባድ መኪና ሹፌሮች

ሄኖክ፦ ትናንት እዚህ የተላከውን ድምፅ ሰምታችሁታል። «ቱርኮቹን ሕግ አይገዛቸውም፤ ሥራውን በርካሽ ይወስዳሉ፤ የጀርመኑን የኤ3 አውራ ጎዳና ማረፊያ በሙሉ ይዘው ሻይ ያፈላሉ፤ ቪዛ ይቅርላቸው ማለት መንገዱን ማስረከብ ነው» ይላል። በጣም ነው ያናደደኝ። እስቲ ሕጉን እንቁጠረው። ከኢስታንቡል ጀርመን ዕቃ የሚያደርስ ሹፌር የሸንገን ቪዛ ይፈለግበታል። የመተላለፊያ ፈቃድ ይፈለግበታል፤ እሱም በኮታ ስለሚሰጥ ያለቀ ቀን አለቀ ነው። ለዕቃው የኤቲአር ወረቀት (ከቱርክ ያለ ቀረጥ የሚያስገባ የጉምሩክ ሰነድ)፣ የትራንዚት ሰነድ ከነዋስትናው፣ የታኮግራፍ (የመንዳትና የዕረፍት ሰዓት መዝጋቢ መሣሪያ) ካርድ አለ። የቡልጋሪያ፣ የሃንጋሪ፣ የኦስትሪያና የጀርመን የመንገድ ክፍያ እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓት አለው። ዕቃውን ሙኒክ አራግፎ ወደ ሃምቡርግ የሚሄድ ጭነት ቢያገኝ እንኳ መጫን አይችልም፤ ካቦታዥ፣ ማለትም በሌላ አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ ማጓጓዝ፣ ለቱርክ ታርጋ ዝግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ታርጋ ያለው ግን በ7 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ይፈቀድለታል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚነዳ ሰው ነው «ሕግ አይገዛውም» የተባለው።

ብሩክ፦ ድምፁ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን ወንድሜ፣ ወረቀት ቆጥረህ ሕግ አክባሪነትን ማረጋገጥ አትችልም። ማታ ማረፊያው ሲሞላ መውጫው ላይ፣ መኪና ፍጥነት በሚጨምርበት መስመር ጠርዝ ላይ የሚቆመው ማነው? 40 ቶን እዚያ መብራቱን አጥፍቶ ቆሞ፣ ከኋላ የቤት መኪና ቢገባበት ማን ይተርፋል? የተሳቢው የኋላ መከላከያ ብረት በዝግታ የመጣን ሊይዝ ይችላል፤ በ130 የመጣን አይዝም።

ያሬድ፦ መውጫው ላይ የሚቆሙትን ታርጋ እያነበብክ እለፍ። ፖላንድ አለ፣ ሊትዌኒያ አለ፣ ሮማንያ አለ፣ የራሱ የጀርመንም አለ። ቱርኩን ብቻ ለይተህ ያየኸው አንተ ነህ።

ሰላማዊት፦ ብሩክ፣ ለምን እንደሚቆሙም አብረህ ተናገር። ኦስትሪያ ከቅዳሜ 15 ሰዓት እስከ እሑድ 22 ሰዓት (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከባድ መኪና ትከለክላለች። ጀርመን ደግሞ እሑድን ከ0 እስከ 22። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ኦስትሪያ መግቢያው ሱበን ድንበር የሚወርደው ሁሉ ጀርመን በኩል ባሉት ማረፊያዎች ላይ ይከማቻል። ሹፌሩ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ ከከፈለውም መጀመሪያ 15፣ ቀጥሎ 30 ነው፣ ገልብጦ አይሆንም። የቀኑ የመንዳት 9 ሰዓት ሲሞላ ቦታ ይኑር አይኑር ታኮግራፉ አይጠይቀውም። ወደፊት ቢሄድ የሰዓት ቅጣት፣ መውጫው ላይ ቢቆም የማቆሚያ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ብሩክ፦ እህቴ፣ ለዚህም መውጫ አለው። ደህና ማቆሚያ እስኪያገኝ ሰዓት ማሳለፍ ይፈቀድለታል። መቆሚያው ሲደርስ ከታኮግራፉ ህትመት አውጥቶ ምክንያቱን በእጁ ይጽፋል፤ በቃ። የማይጽፍ ሰው ግን ስንፍናውን በሕግ አያሳብብ።

ሰላማዊት፦ ያ የሚሠራው ችግሩ ድንገተኛ ሲሆን ነው። ከመነሻው የታወቀ መጨናነቅ ላይ በየሳምንቱ ብትጽፈው ተቆጣጣሪው አይቀበልህም። «ጉዞህን ለምን ቀድመህ አላቀድክም» ይልሃል፣ ልክም ነው።

ቱርክ ከቡልጋሪያ በምትዋሰንበት ካፒኩሌ ድንበር ላይ ደግሞ ምን ይጻፍ? ወረፋው ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል፣ መኪናው በየጥቂት ደቂቃው ሃምሳ ሜትር ይሳባል። መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ታኮግራፉ መንዳት ብሎ ይመዘግባል፣ የተጀመረው ዕረፍትም ይቋረጣል። የቀን ዕረፍት 11 ሰዓት ሳይቆራረጥ ነው፤ በሁለት ሳምንታዊ ዕረፍቶች መካከል ሦስት ጊዜ ወደ 9 ሊወርድ ይችላል። ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ እስከ አንድ ሰዓት ማቋረጥ የተፈቀደው መርከብ ወይም ባቡር ላይ ላለ ሰው ነው። የድንበር ሰልፍ እዚያ ውስጥ የለም። ሰልፉ ውስጥ ያለው ሹፌር ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ አድሮ፣ ቡልጋሪያ ሲገባ ያላረፈ ሰው ሆኖ ነው መንገዱን የሚጀምረው። አደጋው ያለው እዚህ ነው፣ ሻዩ ላይ አይደለም።

ትዕግሥት፦ አትክልት የጫነው ይባስ። ቃሪያና ሎሚ ከካፒኩሌ ማዶ ባለው የቡልጋሪያ ኬላ፣ ካፒታን አንድሬቮ ላይ ለፀረ ተባይ ቅሪት ናሙና ይወሰድበታል። ውጤቱ እስኪመጣ የማቀዝቀዣው ሞተር እየሠራ፣ ናፍጣ እየበላ ይቆያል። ዕቃው ከተበላሸ ገዢው አይቀበልም፣ ክርክሩም በሹፌሩና በጫኚው መካከል ነው የሚቀረው።

ብሩክ፦ ሁላችሁም ስለ ወረፋ አወራችሁ። ማግኔቱንስ? ጊርቦክሱ ላይ ያለው ሴንሰር ላይ ማግኔት ተለጥፎ፣ መኪናው 85 እየሄደ ታኮግራፉ «ዕረፍት» ይጽፋል። ይኼም የድንበሩ ጥፋት ነው?

ያሬድ፦ ማግኔት የሚለጥፍ ይቀጣ፣ ማንም አይከራከርህም። አዲሶቹ መኪናዎች ላይ ግን ዋጋ የለውም። ታኮግራፉ ከሁለተኛ ምንጭ፣ ብዙ ጊዜ ከጎማዎቹ የፍጥነት ሴንሰር፣ እንቅስቃሴን ያመሳክራል። ሁለቱ ካልተስማሙ «የእንቅስቃሴ ግጭት» ብሎ ይመዘግባል፣ ፖሊሱም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ማግኔትን የቱርክ ሥራ ማድረግህ ነው ያልተዋጠልኝ።

ሄኖክ፦ ከ«ሕግ አይገዛቸውም» ወደ «ማግኔት የሚለጥፉ አሉ» ወረድክ። ጥሩ ነው፣ እየቀረብን ነው።

ብሩክ፦ አልወረድኩም። ሥራውን በርካሽ ይወስዳሉ ያልኩትም እንዳለ ነው። ካቦታዥ ዝግ ነው አልክ፤ እውነት ነው፣ ለቱርክ ታርጋ። ኩባንያው ቡልጋሪያ ወይም ሃንጋሪ ቅርንጫፍ ከፍቶ መኪናውን በዚያ ታርጋ ካስመዘገበውስ? በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል።

ሄኖክ፦ ያኔ የኅብረቱ ድርጅት ነው፣ በኅብረቱ ሕግ ይገዛል፣ ግብርም ይከፍላል። በ2023 ጀርመን ውስጥ ግሬፈንሃውዘን ማረፊያ ላይ ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው መኪና አቁመው ሳምንታት የቆዩት ሹፌሮች እኮ አብዛኞቹ ጆርጂያውያንና ኡዝቤኮች ነበሩ፤ ያሠሯቸው ደግሞ የኅብረቱ ፈቃድ ያለው የፖላንድ አሠሪ። ርካሽ ጉልበት የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ እዚያ ታይቷል።

ትዕግሥት፦ ቪዛውን በተመለከተ ፍርድ ቤት ያለውን እንስማ። ቱርክና የአውሮፓ ማኅበረሰብ የተፈራረሙት፣ በ1973 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሥራ ላይ የዋለው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአገልግሎት ሰጪ ላይ አዲስ ገደብ መጨመርን ይከለክላል። ጀርመን ለቱርኮች ቪዛ ያመጣችው ደግሞ በ1980 ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት የካቲት 2009 (በእነሱ ፌብሩዋሪ 19) በሶይሳል ጉዳይ፣ ቱርክ ውስጥ ላለ ድርጅት ለሚነዱ ሁለት ሹፌሮች፣ በ1973 ያልነበረ ቪዛ ሊጠየቅ አይገባም አለ። በ2017 ደግሞ ሃንጋሪ በግዛቷ በሚያልፉ የቱርክ መኪናዎች ላይ የጣለችው ታክስ ከጉምሩክ ቀረጥ የማይለይ ነው ተብሎ ወደቀ። ከ1996 ጀምሮ የጉምሩክ ኅብረት አለ፤ ዕቃው ያልፋል፣ ዕቃውን የጫነው ሰው ግን በር ላይ ይቆማል። ሕጉን ማን ነው የጣሰው?

ብሩክ፦ የሶይሳልን ጉዳይ እስከ መጨረሻው አንብቢልን እንጂ። ሁለቱ ሹፌሮች የሚነዷቸው መኪናዎች የጀርመን ታርጋ ነበራቸው፤ ቪዛው የተከለከለውም በዚያ ምክንያት ነው። እኔ ያልኩት ይኸው ነው!

ትዕግሥት፦ ፍርድ ቤቱ ታርጋውን አይቶ ነው የፈረደው። አንተ ታርጋው ላይ ቆመሃል፣ ፍርዱ አልፎሃል።

ጋሽ መስፍን፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋላፊ ላይ ተሰልፎ፣ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ቡናውን የሚያፈላው የእኛ ሹፌር ከነዚህ ሰዎች በምን ይለያል? እሱን ጅቡቲ ውስጥ «ሕግ አይገዛውም» ቢሉት ይከነክነናል።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። የእኛ ልጆች ተሳቢ ውስጥ ተደብቀው ሲያዙ ሹፌሩም አብሮ ይቀጣል። እንግሊዝ ከ2023 ጀምሮ በአንድ ሰው እስከ 10,000 ፓውንድ አድርሳዋለች።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ ቅጣቱ የሚከብደው ያለፍተሻ በነዳ ላይ ነው። የሸራው የጉምሩክ ገመድ በየቀለበቱ ማለፉን በእጅ መሳብ፣ የማሸጊያውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ ጣሪያው መቀደዱን ማየት፣ ያየኸውን በዝርዝሩ ላይ ሰዓት ጨምረህ መፈረም ነው። ይህን ያደረገና ማስረጃ ያለው ይከራከርበታል።

ሰላማዊት፦ በልጆቹ ነገር የሹፌር ክርክር አናሸንፍበት፣ ጋሼ። ተሳቢ ውስጥ አየር አጥተው ያለቁ አሉ። ይቅር ይህ።

ጋሽ መስፍን፦ ልክ ነሽ ልጄ፣ ይቅር።

ብሩክ፦ ወደ ሻይ ማፍያው ምድጃ እንመለስ፤ ማንም አልመለሰልኝም። ተሳቢው ጎን ላይ፣ በእግሮቹና በጎማዎቹ መካከል የተገጠመው ሳጥን አለ። መዝጊያው በሰንሰለት ወርዶ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ውስጡ የጋዝ ሲሊንደር፣ የውሃ ጀሪካን ከነቧንቧው፣ ታች ውሃ፣ ላይ የሻይ ቅጠል ያለው ድርብ ጀበና። ማቀዝቀዣ ተሳቢ ላይ ደግሞ የሞተሩ ናፍጣ ታንክ እዚያው ሥር ነው ያለው። የጎማ ቱቦው በፀሐይና በጨው ይሰነጠቃል። ይህ ክፍት እሳት ሰው በበዛበት ማረፊያ ላይ ትክክል ነው?

ያሬድ፦ አያያዙ ነው። ቱቦው ላይ ሳሙና አረፋ ቀብቶ አረፋ የሚነፋበትን ማየት፣ የተሰነጠቀውን መጣል፣ ሲሊንደሩን አቁሞ ማሰር፣ በጉዞና በመርከብ ላይ ቫልቩን መዝጋት። አደገኛ ዕቃ የጫነ መኪና አጠገብ እሳት የለም፣ አለቀ። እኔን የሚያስፈራኝ ክረምት ላይ ብርዱን ፈርቶ ካቢና ውስጥ የሚያፈላው ነው። መስኮት ዘግቶ ጋዝ ያነደደ ሰው ሽታ በሌለው ጭስ ተኝቶ ይቀራል፤ ይህን ለቱርክም ለእኛም ሹፌር ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ያፈላው ግን ምን አጠፋ? ከአንድ ሳምንት በላይ ከቤቱ ወጥቶ የከረመ ሰው ትኩስ ነገር ይብላ እንጂ።

ብሩክ፦ ማረፊያው የጋራ ነው።

ያሬድ፦ የእሱም ነው። የመንገድ ክፍያውን በኪሎ ሜትር ከፍሏል።

ሄኖክ፦ ብሩክ፣ ዋናውን ጥያቄ ልድገመው፣ አታምልጠኝ። ቡልጋሪያና ሮማንያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በየብስም ሸንገን ናቸው። አሁን በሩሴ ወይም በቪዲን ድልድይ ዳኑብን ተሻግሮ በሮማንያ የሚያልፈው ሃንጋሪ መግቢያ ላይ አይሰለፍም፤ ግን እያንዳንዷ ቀን ከ180 ቀን ውስጥ ከተፈቀደችው 90 ላይ ትቀነሳለች። በሰርቢያ የሚሄደው ደግሞ ሰርቢያ ያደረበት ቀን አይቆጠርበትም፣ ነገር ግን ድንበር ላይ ሁለት ጊዜ ይቆማል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ካፒታን አንድሬቮ ላይ ቡልጋሪያ በኩል ተሰልፎ ያደረባት ሌሊትም ከ90ዋ ላይ ናት። ከጥቅምት 2025 (በእነሱ ኦክቶበር 12) ጀምሮ ደግሞ ቀኖቹ በማሽን መቆጠር ጀምረዋል። አንድ ዙር ስምንት የሸንገን ቀን ቢወስድ በስድስት ወር አሥራ አንድ ዙር ነው፣ ከዚያ ሹፌሩ ቤቱ ይቀመጣል። መኪናው ግን መሄድ ይችላል። ይህን ትክክል ነው ትላለህ ወይስ አትልም?

ብሩክ፦ የሥራ ፈቃድ ይሰጠው እላለሁ፤ ተመዝግቦ፣ እንደ እኛ ሥልጠናውን ወስዶ።

ሄኖክ፦ ሥልጠናውንማ ወስዷል። ቪዛው ይነሳ ወይስ አይነሳ?

ብሩክ፦ መጀመሪያ ከመውጫው ላይ ይነሱ።

ሰላማዊት፦ የት ይሂዱ? ማቆሚያው የታለ? እሱን መልስ።