ለሳሎን ፕሮጀክተርና ስክሪን፣ 40 ሺህ ብር ይበቃል? (ደሴ)

የሆጤው ልጅ

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ሳሎን ውስጥ በትልቁ ፊልም ለማየት ካሰብን ቆየን። ትልቅ ቲቪ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ፕሮጀክተር ይሻላችኋል ተባልን። በጀቱ 40 ሺህ ብር ነው፣ ስክሪኑንም ገመዱንም ጨምሮ። ክፍሉ አራት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር ተኩል ነው። ግድግዳው ክሬም ቀለም ያለው ኳርትዝ ስለሆነ ሻካራ ነው።

ማታ ማታ ፊልም፣ ቅዳሜና እሁድ ኳስ፣ እናቴ ደግሞ ድራማዋን ነው የምትፈልገው። ፒያሳ አካባቢ ስጠይቅ አንዱ ሱቅ «9,000 ሉመን፣ 4ኬ» የሚል ትንሽዬ ነጭ ፕሮጀክተር አሳየኝ፣ ዋጋውም ከበጀቴ ግማሽ አይደርስም። ሌላ ቦታ ያገለገለ የቢሮ ኤፕሰን አገኘሁ፣ እሱ 3,000 ሉመን ነው የሚለው፣ ግን ይወደዳል። 9,000 እያለ 3,000ውን ለምን እገዛለሁ? ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ስክሪንስ የግድ ነው ወይስ ግድግዳው ይበቃል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ብሩ ብዙ የተለፋበት ነው።

ሰልማ ኮምቦልቻ

ወንድሜ አብሽር፣ ገና ሳትገዛ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፣ ግን 9,000 የሚለውን ቁጥር እርሳው። ካርቶኑ ላይ እንዲሁ «ሉመን» ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር አምራቹ ደስ ያለውን የሚጽፍበት ነው። አንተ መጠየቅ ያለብህ «አንሲ ሉመኑ ስንት ነው?» ብለህ ነው። አንሲ መደበኛ አለካክ ነው፣ ምስሉ ዘጠኝ ቦታ ተከፍሎ የየቦታው ብርሃን ይለካና አማካዩ ይወሰዳል። እንደዚያ ሲለኩ እነዚህ ሺህ በሺህ የሚሉት ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ቢወጣቸው ነው። የኤፕሰኑ 3,000 ግን በደንቡ የተለካ ነው። ስለዚህ 3,000ው ከዚያኛው በብዙ እጥፍ ይበራል።

4ኬ ያሉህም እንደዚሁ ነው። የ4ኬ ፋይል ስትሰጠው ይከፍታል ለማለት ነው እንጂ 4ኬ አድርጎ ያሳያል ማለት አይደለም። አሳንሶ በራሱ ፒክስል ልክ ነው የሚያወጣው፣ የራሱ ፒክስል ደግሞ 1280 በ720፣ አንዳንዱም 854 በ480 ብቻ ነው። «ኔቲቭ ሪዞሉሽኑ ስንት ነው?» በለው። 480 ከሆነ ትተኸው ውጣ፣ በትልቁ ሲወጣ የትርጉም ጽሑፉ ጠርዝ ጠርዙ ይሰባበራል፣ ኳሱም ሜዳው ላይ ይጠፋብሃል።

ስንት ሉመን ይበቃኛል ካልክ በቁጥር ላሳይህ። 100 ኢንች ስክሪን ወርዱ 221 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 125 ነው። ሲኒማ ቤት ስክሪኑ ላይ የሚፈለገው ብርሃን በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። ያንን በ100 ኢንች ነጭ ስክሪን ላይ ለማግኘት ወደ 420 አንሲ ሉመን ያስፈልጋል፣ ያውም ድቅድቅ ጨለማ በሆነ ክፍል። ስለዚህ ማታ ብቻ ለምታየው 500 አካባቢ አንሲ ያለው፣ ኔቲቭ 1080ፒ (1920 በ1080) የሆነ አዲስ ኤልኢዲ፣ ማለትም በሚቀየር አምፖል ፋንታ በኤልኢዲ መብራት የሚሠራ ፕሮጀክተር ብታገኝ በጣም ያምራል። እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው። ብርሃኑ ትንሽ ካነሰብህ ደግሞ ምስሉን አሳንሰው። ከ100 ወደ 80 ኢንች ስትወርድ ያው መብራት በትንሽ ቦታ ስለሚሰበሰብ ድምቀቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

አቡ ሐናን

ልጄ፣ ሰልማ ያለችው ልክ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። እኔ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የቆየሁ ሰው ነኝ። ኳስ በቀን የምታይ ከሆነ 500 አንሲ አያዋጣህም፣ ከመስኮት የገባ ብርሃን ሁሉንም ያጥበዋል። ያገለገለው ኤፕሰን በደህና ሁኔታ ላይ ካለ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግን እንዲሁ ተቀብለህ አትምጣ።

መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ ገብተህ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ እይ። የእነዚህ አምፖል እንደ ሞዴሉ ከ3,000 እስከ 6,000 ሰዓት ነው የሚሄደው፣ ካለቀ ዋናውን አምፖል እዚህ አገር ማግኘት ጣጣ ነው። ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ ስለሚቻል እሱን ብቻ አትመን። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ ምስል በስልክህ አዘጋጅተህ ፍላሽ ላይ ጫንና አስከፍተው። ነጩ ላይ ቢጫ እድፍ የመሰለ ነገር ከታየህ ውስጡ ያሉት ፊልተሮች ተቃጥለዋል፣ እሱን አትንካው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብራልህ። ሲሞቅ የሚጠፋ አለ።

ሌላው ቅርጹ ነው። የቢሮ ፕሮጀክተር ብዙው 1024 በ768 ነው፣ ለወረቀትና ለሠንጠረዥ ተብሎ የተሠራ። ሰፊው ፊልም ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ይተውና ለምስሉ የሚተርፈው 1024 በ576 ብቻ ነው። 1280 በ800 የሆነ ካገኘህ ይሻልሃል።

ይሄን ደግሞ ሻጮቹ አይነግሩህም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል አለ፣ ኤፕሰንም ቤንኪውም ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ አብሩት ይላሉ። ሲበራ ማራገቢያው ፈጥኖ ይዞራል፣ ድምፁም ይጨምራል፣ ግን አምፖሉን የሚያድነው እሱ ነው። ኮምቦልቻም ብትሆን 1,850 አካባቢ ስለሆነች አታመልጥም።

ጦሳ ግርጌ

አቡ ሐናን ይቅርታ፣ ደሴ ብርድ አይደል እንዴ? እዚህ ምን ይሞቃል ብላችሁ ነው? እኔ ለኮምቦልቻ ሰው ነው የማስበው።

አቡ ሐናን

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብርዱ ይረዳል፣ አልካድኩም። ነገር ግን ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣው አየሩ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ ጋር ሲተያይ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያንሳል። ውጭ ብትቀዘቅዝም አምፖሉ ውስጡ ያው እሳት ነው። በዚያ ላይ ሰው በርና መስኮት ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ ፕሮጀክተሩን መደርደሪያ ውስጥ ከትቶ ነው የሚያየው። አየር ማስገቢያውና ማስወጫው በኩል ቢያንስ ሁለት ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት፣ የአቧራ ማጣሪያውንም በየጊዜው አውጥታችሁ አጽዱ።

መብራቱንም አትርሱ። ባለ አምፖሉ ሲጠፋ ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ መዞር አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያው ይቆማል፣ አምፖሉ ግን ገና ግሎ ነው ያለው፣ ይሄ ሲደጋገም ዕድሜውን ይበላል። በደንቡ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ከበጀቱ ላይ ያዝ። አቅሙ ግን የፕሮጀክተሩን ዋት የሚችል ይሁን፣ ባለ አምፖሉ ከ200 ዋት በላይ ይስባል። ዩፒኤስ ካልተቻለ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ነቅለህ መጥቶ እስኪረጋጋ ጠብቅ። በዚህ በኩል የሰልማ ኤልኢዲ ይሻላል፣ የሚስበው ትንሽ ነው፣ በአምፖልም አያስጨንቅህም።

የሸዋበር ባነር ቤት

ስክሪኑን ለእኔ ተዉት፣ ሥራዬ ስለሆነ።

ያ ኳርትዝ ግድግዳ አይሆንም። እያንዳንዷ እብጠት ትንሽ ጥላ ትጥላለች፣ ክሬሙ ቀለምም ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። ከውጭ የሚመጣ የተዘጋጀ ስክሪን ለመግዛት ግን አትቸኩል፣ ከበጀትህ ብዙ ይወስድብሃል፣ ርካሾቹ ደግሞ ስስ ስለሆኑ ጠርዛቸው ይጠቀለላል።

ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ጨርቅ ነው። ነጭ አቡጀዴ ወይም ወፈር ያለ ነጭ የአንሶላ ጨርቅ ገበያ ላይ ሞልቷል። ችግሩ ብርሃን በጀርባው ያልፋል፣ ስለዚህ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ደርብበት። ወርዱ ሰፊ የሆነውን ፈልግ፣ መሐል ላይ ስፌት ካለ ፊልሙ ሁሉ ላይ መስመሩ ይታይሃል። ሁለተኛው ያልታተመ ነጭ ባነር ነው። ጥቅልሉ እስከ 3.2 ሜትር ስፋት ስላለው ለ100 ኢንች ያለ ስፌት ይወጣል። ጀርባው ጥቁር ወይም ግራጫ የሆነውን፣ ፊቱ ደግሞ የማያብረቀርቀውን ምረጥ። የሚያብረቀርቀው መሐሉ ላይ የመብራቱን ክብ መልሶ ዓይንህ ውስጥ ይረጨዋል። በእጅህ ይዘህ ከአምፖል ሥር ዘንበል ቀና አድርገህ ብታየው ወዲያው ይለያል።

ዋናው ነገር መወጠሩ ነው። በሞራሌ ወይም በቱቦላሬ 230 በ134 የሚሆን ፍሬም አሠራ፣ ጨርቁን መጀመሪያ ከአራቱ ጎን መሐል መሐሉን ያዘው፣ ከዚያ ወደ ማዕዘኖቹ እየወጠርክ ሂድ። ከማዕዘን ከጀመርክ ይጨማደዳል፣ የትኛውም ውድ ፕሮጀክተር ያንን ሽብሽብ አይደብቀውም። ዙሪያውን አራት አምስት ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጥቁር ጨርቅ ከፈፍከው ምስሉ ደመቅ ብሎ ይታያል።

የሆጤው ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አቡ ሐናን ስለ ከፍታው የነገሩኝን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ባነሩን ወደድኩት፣ ፍሬሙን በያጅ የሆነ የአክስቴ ልጅ ይሠራልኛል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፦ ፕሮጀክተሩን የት ላስቀምጠው? ሶፋው ከስክሪኑ ሦስት ሜትር ከግማሽ ላይ ነው። ኮርኒስ ላይ ልስቀለው ወይስ ጠረጴዛ ላይ? የቅዳሜው የ9:30 ጨዋታ ደግሞ ፀሐይ እያለ ነው፣ ያንን ምን ላድርገው? ድምፁንስ? ቤት ውስጥ አሮጌ የጂፓስ ስፒከር አለን።

ሰልማ ኮምቦልቻ

ቦታውን በሂሳብ ታገኘዋለህ። የፕሮጀክተሩ ወረቀት ላይ «ትሮው ሬሾ» የሚል ቁጥር አለ። እሱን በስክሪኑ ወርድ አባዛው፣ ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ የሚርቅበትን ይሰጥሃል። 1.3 ከሆነ 1.3 ሲባዛ በ221፣ ወደ 2.9 ሜትር ይመጣል። ያንተ ክፍል በርዝመቱ በኩል በደንብ ይበቃል። ሳትገዛ በፊት አስላው፣ አንዳንዱ ሬሾው ትልቅ ስለሆነ ከሶፋው ኋላ ካለው ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይገባል። ሶፋህ ያለበት ርቀት ለ100 ኢንች ጥሩ ነው፣ አታንቀሳቅሰው።

ኮርኒሱ ላይ ለመስቀል አትቸኩል። ኮምፔንሳቶ ወይም ጨርቅ ኮርኒስ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፣ እንጨቱን ካላገኘህ ይዞት ይወርዳል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ጥቂት ሳምንት ተጠቀምበትና ቦታው ሲገባህ ስቀለው። የትም ይሁን ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው። ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ አዘንብለህ «ኪስቶን» በሚለው ካስተካከልከው ምስሉ አራት ማዕዘን ይሆንልሃል፣ ግን ፒክስሎቹን እየቆረጠ ነው የሚያስተካክለው፣ ጥራቱ ይወርዳል።

ለ9:30ው ጨዋታ መልሱ መጋረጃው ነው። ወፍራም ጥቁር ገበር ያለው መጋረጃ አሰፋ፣ ከመስኮቱ በየጎኑ አንድ ስንዝር ያህል ይትረፍ፣ ብርሃን የሚሾልከው በጎን ነውና። ያም ሆኖ ኤልኢዲው በቀን እንደ ማታው አይሆንልህም፣ እዚህ ላይ አቡ ሐናን ልክ ናቸው፣ ኳሱ ከፊልሙ ከበለጠብህ ኤፕሰኑን ውሰድ። እናትህ ግን ድራማዋን ማታ የምታይ ከሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚበራው ለእሷ ነው፣ በአምፖል ሰዓት እንዳትሰቀቅ ኤልኢዲው ይሻላታል ብዬ አስባለሁ። እሷንም ጠይቃት።

ጂፓሱን በብሉቱዝ አታገናኘው፣ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴው ኋላ ይቀራል፣ ንግግር በበዛበት ድራማ ላይ ደግሞ ያናድዳል። ከፕሮጀክተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ጂፓሱ ውሰደው። የቢሮው ኤፕሰን ቀዳዳው ከሌለው ከሪሲቨሩ በቀይና ነጭ ገመድ ትወስዳለህ። ዲሹ በኤችዲኤምአይ ይገባል፣ በቢጫው ገመድ አታስገባው፣ በዚያ መጠን ይደበዝዛል።

ሱቅ ስትሄድ ቤት የምታያቸውን ፊልሞች በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ርካሾቹ ብዙዎቹ የዶልቢ (ፊልሞች ላይ የሚበዛ የድምፅ ፎርማት) ፈቃድ ስለሌላቸው ምስሉ እየሄደ ድምፅ የማይወጣበት ፋይል አለ። እዚያው ቆመህ ሦስት አራቱን አስከፍተህ ስማ፣ ካልወጣ በኤችዲኤምአይ የሚሰካ ትንሽ አንድሮይድ ቦክስ መጨመር ሊኖርብህ ነው፣ የእሱንም ዋጋ ከ40 ሺው ላይ አስበው።